የኬቶ ቅባት ለሁሉም በአንድ ቁና አይሰፈርም

ሰሞኑን ካርቦሃይድሬት እጅግ ተቀንሶ ቅባት ስለሚበዛበት የኬቶ አመጋገብ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ ሰንብቷል። ያላየው አንባቢ እንዳይቸገር ፍሬ ነገሩን እናስቀድም። ኬቶ የጀመረ ሁሉ ከሚያገኘው ካሎሪ 75 በመቶውን ከቅባት ያድርግ ይላል። ቅባት በበላን ቁጥር የገላችን ስብ እንደሚቀልጥ፣ ፕሮቲን ወደ ስኳር ስለሚለወጥ መቀነስ እንዳለበት፣ በሽንት ውስጥ ኬቶንን (ጉበት ከስብ የሚሠራውን ነዳጅ) የሚያሳየው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ካልጠቆረ ቅቤ መጨመር እንደሚገባ ይመክራል። ክብደት መውረዱን ሲያቆምም መፍትሔው ያው ቅቤ ነው። የቅባት ዓይነት ለውጥ እንደማያመጣ፣ የሆድ መበጥበጥም መርዝ ከሰውነት ሲወጣ የሚታይ ምልክት እንደሆነ ጨምሮ ይነግረናል።

እንጀራን፣ ስኳርንና ለስላሳን ስለ መቀነስ የተጻፈው ክፍል ደህና ነው። ጠባችን ከቅባቱ ጋር ነው።

ከ75 በመቶው እንጀምር፤ የቀሩት ስህተቶች ሁሉ ሥራቸው እዚያ ነውና። ኬቶ ሲጀመር ለክብደት ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ራስል ዋይልደር ስም አውጥተው ያቀረቡት የሚጥል በሽታን ለማከም ነው። ጥንታዊው ቀመር «4 ለ1» ይባላል፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ተደምረው 1 ግራም ሲሆኑ ቅባቱ 4 ግራም ይሆናል። 4 ግራም ቅባት 36 ካሎሪ፣ 1 ግራሙ ደግሞ 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ከ40ው የቅባቱ ድርሻ 90 በመቶ መሆኑ ነው። በቀን 1,200 ካሎሪ የታዘዘለት ልጅ 120 ግራም ቅባት ይበላል፤ ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት በጠቅላላው የሚተርፈው 30 ግራም ብቻ ነው። ከባድ ቢሆንም ፍሬ አለው። በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች 145 ልጆችን አካተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ3 ወር በኋላ የሕመሙ መነሣት ከግማሽ በላይ የቀነሰላቸው አመጋገቡን ከጀመሩት 38 በመቶው ሲሆኑ፣ ሳይጀምሩ ከቆዩት ግን 6 በመቶው ብቻ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቅባቱ ራሱ መድኃኒት ነው። በግራም ይመዘናል፤ ሽሮፕ ውስጥ ያለች ስኳር እንኳ ትቆጠራለች፤ ያለ ሐኪምና ያለ ምግብ ባለሙያ አይጨመርም፣ አይቀነስም፣ በድንገትም አይቋረጥም።

ክብደት ሊቀንስ የሚፈልግ ጎልማሳ ግን ሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ለእሱ ካርቦሃይድሬት ጣሪያ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም። ፕሮቲን መሟላት ያለበት ግዴታ ነው፤ ሊደርስበት ለሚፈልገው ክብደት በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም። ቅባት ከሁለቱ በኋላ የተረፈውን ቦታ የሚሞላ ነው። ስለዚህ የቅባቱ መጠን የሚወሰነው መጨረሻ ላይ ነው፤ በመቶኛ ሳይሆን በግራም።

በቁጥር እንየው። 38 ዓመቷ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 80 ኪሎ የሆነች፣ መጠነኛ እንቅስቃሴ የምታደርግ ሴት በቀን ወደ 2,000 ካሎሪ ታቃጥላለች። 64 ኪሎ መድረስ ትፈልጋለች እንበል። ፕሮቲኗ 95 ግራም (380 ካሎሪ)፣ ካርቦሃይድሬቷ 25 ግራም (100 ካሎሪ) ይሁን። በቀን 1,500 ካሎሪ እንድትበላ ከተወሰነ ለቅባት የሚተርፈው 1,020 ካሎሪ፣ ማለትም 113 ግራም ነው። ከሳህኗ የቅባቱ ድርሻ 68 በመቶ ብቻ ሆነ። ታዲያ ጎደለባት? አልጎደለባትም። የቀረው 500 ካሎሪ በአብዛኛው ከገዛ ገላዋ ይወጣል፤ በስብ ሲተመን 55 ግራም ገደማ ነው። ኬቶ የገባችውም ይህንኑ ለማውጣት ነበር።

አሁን የጽሑፉን ምክር እንስጣት። 1,500 ካሎሪዋን ሳትለቅ 75 በመቶውን ከቅባት ካደረገች ለፕሮቲን የሚቀርላት 69 ግራም ነው፤ ከስቡ ጋር ጡንቻዋም ይሟሽሻል። ፕሮቲኗን ሳትነካ 75 በመቶ ለመድረስ ቅቤ ከጨመረች ደግሞ ጠቅላላ ምግቧ 1,920 ካሎሪ ይደርሳል። ከምታቃጥለው 2,000 ጋር ያለው ልዩነት 80 ካሎሪ ብቻ! ለሁለት ወር ከእንጀራ ርቃ ሚዛኑ ንቅንቅ ሲልላት ካላየች ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ይህን ስንል ግን ቅባት ይቀነስ የሚል ሌላ ቁና እያነሣን አይደለም። ቀጭን ሆኖ ክብደት መቀነስ የማይፈልግ፣ 62 ኪሎ የሚመዝን፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሠራና በቀን 2,600 ካሎሪ የሚያቃጥል ሰው እንውሰድ። 100 ግራም ፕሮቲንና 30 ግራም ካርቦሃይድሬት 520 ካሎሪ ናቸው። የቀረው 2,080 ካሎሪ ከቅባት ሲመጣ 231 ግራም፣ ወይም 80 በመቶ ይሆናል። ለእሱ 75 በመቶ ያንሰዋል፤ ሊከሳ፣ ሊበርደው፣ ሊደክመው ይችላል። አንዱ ቁጥር ለሴትዮዋ በዛ፣ ለሰውዬው አነሰ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቅባት በበሉ ቁጥር የገላ ስብ ይቀልጣል የሚለው ነው። የጽሑፉ አመክንዮ እንዲህ ይሄዳል፤ ስብ የሚያከማቸው ኢንሱሊን ነው፣ ቅባት ኢንሱሊንን አይቀሰቅስም፣ ስለዚህ ቅባት አያወፍርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች ግማሽ እውነት ናቸው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። የተበላ ቅባት ኢንሱሊን እጅግ ዝቅ ባለበትም ጊዜ ይከማቻል። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 17 ወንዶችን ተቋም ውስጥ አስገብተው፣ መጀመሪያ ለ4 ሳምንት ካርቦሃይድሬት የበዛበት፣ ቀጥሎ ለ4 ሳምንት ካሎሪው እኩል የሆነ የኬቶ ምግብ አበሏቸው። ኢንሱሊናቸው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። የስባቸው መቀነስ ግን አልፈጠነም፤ እንዲያውም ኬቶውን ሲጀምሩ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ሰውነት ነዳጁን ቀየረ ማለት የጓዳውን ስብ አወጣ ማለት አይደለም። ከላይ በማንኪያ እየተጨመረለት ከሆነ የሚያቃጥለው የተጨመረለትን ነው።

ጽሑፉ በማስረጃነት የሚጠቅሰው የመጀመሪያው ሳምንት የክብደት መውረድም በአብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል። ቅቤ እየበላን ከሳን የሚሉ ሰዎች ዋሹ ማለታችን አይደለም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳርና ቢራ ከገበታው ሲነሡና ፕሮቲን ሲበዛ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያንሳል የሚበላው። የከሱት በቅቤው ምክንያት ሳይሆን ቅቤው እያለም ነው።

ፕሮቲን ወደ ስኳር ይለወጣል የተባለውስ? ይለወጣል፤ ግን ጉበት ስኳር የሚሠራው በዋናነት ሰውነት በሚፈልገው ልክ ነው። ሥጋ ስለበዛ ብቻ እንጀራ እንደተበላ ስኳር አይጎርፍም። ለክብደት በሚደረግ ኬቶ 95 ወይም 110 ግራም ፕሮቲን ከኬቶሲስ፣ ማለትም ሰውነት በኬቶን ከሚሠራበት ሁኔታ፣ አያስወጣም። በ4 ለ1 የሕክምና ቀመር ፕሮቲን የሚጠበበው ለሌላ ዓላማ ነው፤ እዚያ የኬቶኑ ከፍታ ራሱ ይፈለጋል። ጸሐፊው የልጁን ማዘዣ ለሴትዮዋ ሰጡ።

ስለ ሽንት ወረቀቱ ብዙ አንቆይም። ወረቀቱ የሚያየው አሴቶአሴቴት የተባለውን አንዱን ኬቶን ብቻ ነው፤ ብዙ ውሃ ሲጠጣ ይነጣል፣ ውሃ ሲጠማ ይጠቁራል፣ ከሳምንታት በኋላም ሰውነት ኬቶኑን ስለሚጠቀምበት እየደበዘዘ ይሄዳል። ማወቅ የፈለገ በደም ይለካ፤ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል በሊትር ባለው ውስጥ ከሆነ ኬቶሲስ ላይ ነው። 0.8 የሆነ ሰው 2.5 ከሆነው ያነሰ ስብ ያቃጥላል ማለት አይደለም። በቅቤ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቅቤው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፤ ክብደቱ ቆመ፣ ምን ይደረግ? ጽሑፉ ጠዋት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ቡና ውስጥ ጨምሩ ይላል። ያ ስኒ 350 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፕሮቲን የለውም። ከላይ ያየናት ሴት ከቀን ምግቧ ሩብ የሚጠጋውን በአንድ መጠጥ ጨረሰች ማለት ነው። (ቡናና ቅቤ ለአገራችን አዲስ አይደሉም፤ በቦረናና በጉጂ ቡና ቀላ በቅቤ ይዘጋጃል። እዚያ ግን ማንም ክብደት ልቀንስ ብሎ አይቀርበውም።)

መጀመሪያ መታየት ያለበት በእርግጥ ቆመ ወይ የሚለው ነው። የአንድ ቀን ሚዛን አይታመንም። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ሳይበሉ ተመዝኖ የሳምንቱ አማካይ ይያዝ፤ ወገብም በሜትር ይለካ። የወር አበባ የምታይ ሴት የዚህን ወር ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ታወዳድር፤ ውሃው ከሳምንት ሳምንት ኪሎና ከዚያም በላይ ሊያወዛውዝ ይችላል። አማካዩም ወገቡም ለ3 ሳምንት ካልነቀነቀ ቆሟል።

ቀጥሎ ማንኪያው ይመርመር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ስንል ልሙጡን ነው፤ 13 ግራም ቅባት፣ 120 ካሎሪ ያህል። ከቅቤ ዕቃው በጭልፋ ጫፍ ተዝቆ የወጣው የረጋ ቅቤ ግን ተቆልሎ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለጋ ቅቤ ውሃና የወተት ቅሪት ስላለው በማንኪያ 11 ግራም ተኩል ገደማ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ለአንድ ሳምንት ይመዝን፤ ከዚያ ዓይኑ ይለምዳል።

ክትፎን እንውሰድ። 250 ግራም ቀይ ሥጋ 53 ግራም ያህል ፕሮቲንና 12 ግራም ያህል ቅባት አለው። በ3 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከተለወሰ ቅባቱ 50 ግራም አልፎ ሳህኑ ወደ 680 ካሎሪ ይጠጋል። በ1 ማንኪያ ቢለወስ 440 ገደማ ነው። ሚጥሚጣውና ኮረሪማው በሁለቱም ያው ናቸው፤ ጎመኑና አይቡም እንዳሉ ናቸው። ለቀጭኑ ሰው ባለ 3 ማንኪያው፣ ለሴትዮዋ ባለ 1 ማንኪያው ይሆናል። ቆጮው ግን ለሁለቱም አይቀርብም። ዶሮ ወጥ ደግሞ በሌላ በኩል ያታልላል። ለአንድ ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ከገባ ድስቱ ውስጥ ከ130 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ፤ ለ12 ብልት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 11 ግራም ያህል ይደርሳል። ሁለት ጊዜ የተጨለፈለት ሰው ያለ እንጀራ በልቶም ከ25 ግራሙ ብዙውን ጨርሷል፤ ጥፋቱን ቅባት ላይ ቢያላክክ ትክክል አይሆንም።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ ቅባቱ ከ10 እስከ 15 ግራም ብቻ ይቀነስ፤ አንድ ማንኪያ መሆኑ ነው። ከዚያ ለ2 ሳምንት ሌላ ምንም አይነካ። በአንዴ አራት ማንኪያ የቆረጠ ሰው በሦስተኛው ቀን ማታ ዳቦ ላይ ይገኛል። ቅነሳው ከሚጠጣ ቅባት ይጀምራል፤ የቡናው ቅቤ፣ ክሬሙ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን እየታየ በእፍኝ የሚቆረጠም ለውዝ ነው፤ 30 ግራሙ 170 ካሎሪ ነው። ከዚያ የመጥበሻ ዘይት። የእንቁላል አስኳልና ዓሣ መጨረሻ ይደረሱ፤ ከቅባታቸው ጋር ሌላ ብዙ ነገር ይዘዋልና። ርሃብ ከመጣ መጀመሪያ የሚጨመረው ፕሮቲን ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲንና 5 ግራም ቅባት በ70 ካሎሪ ይሰጣል። ርሃቡ ካልበረደ አንድ ማንኪያ ቅባት ይመለስ።

የቅባት ቅነሳው ወለልም አለው። እኛ ከ50 እስከ 60 ግራም በታች እንዲወርድ አንመክርም። ካርቦሃይድሬቱም ቅባቱም ከጠፋ ፕሮቲን ብቻውን ኃይል መሆን አይችልም፤ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል። ሐሞት ከረጢትም የሚጨመቀው ቅባት ሲገባ ነው፤ እየከሱ ቅባት በጣም መንፈግ ለሐሞት ጠጠር ያጋልጣል።

የቅባት ዓይነት ለውጥ የለውም የሚለው ከሁሉም የሚያሳስበን ነው። በክፍል ሙቀት የሚረጋው ሳቹሬትድ ቅባት ኤልዲኤል የተባለውን፣ የደም ሥር የሚያጠበውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል አለው፤ የኮኮናት ዘይት ከ11 በላይ፤ የወይራ፣ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት 2 ግራም አካባቢ። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስለሆነ «የአትክልት» መባሉ አያድነውም። ሦስት ማንኪያ ቅቤ የሚጠቀም ሰው አንዱን ለጣዕም ትቶ ሁለቱን በወይራ ወይም በኑግ ቢተካ የቅባቱ ግራም ሳይለወጥ ሳቹሬትዱ ከ24 ወደ 12 ግራም ይወርዳል። የኑግ ዘይት ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ ይገዛ።

ኬቶ ሲጀምሩ የአንዳንዱ ኤልዲኤል ምንም አይልም፤ የሌላው ሽቅብ ይወነጨፋል፤ በተለይ ቀጫጭን ሰዎች ላይ ይህ ይታያል። ማን ከየትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ከመጀመር በፊት አንድ ምርመራ፣ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ሌላ ያስፈልጋል። ከጨመረ መጀመሪያ ቅቤው በፈሳሽ ዘይት ይተካ፤ ካልወረደ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 50 ወይም 100 ግራም ከፍ ይበል፤ 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከደረሰ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜ የልብ ሕመም ካለ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ጸሐፊው ለጾም ቀን የሰጡት ምክርም እዚህ ይገባል፤ ቅቤው በኮኮናት ዘይት ይተካ ብለዋል። የጾም ቀን የሚጎድለው ቅባት አይደለም፤ ፕሮቲን ነው። ምስር፣ ሽምብራና አተር ፕሮቲናቸውን የሚሰጡት ከካርቦሃይድሬት ጋር ነው። ጎመን ላይ ዘይት እያፈሰሱ መዋል 55ቱን የሁዳዴ ቀናት አያሻግርም። የተሻለው ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም ጭምር፣ ካርቦሃይድሬቱን ከ70 እስከ 100 ግራም ፈቅዶ ምስሩን መብላት፣ በዚያው ልክ ዘይቱን መቀነስ ነው። በእነዚያ ቀናት ኬቶሲስ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይቋረጥ። የሚጎዳው በኬቶ ቀን የሚበላውን ዘይት ይዞ የምስር ወጡን በላዩ መደረብ ነው።

ተቅማጥ መርዝ ሲወጣ ነው ለተባለው፦ ሲወጣ የሚታየው ቅባቱ ነው። ሐሞትና ቆሽት ከለመዱት በላይ በአንዴ ሲመጣባቸው ያልተፈጨው ያልፋል። መፍትሔው ቅባቱን በ3 ወይም 4 ገበታ ማከፋፈል፣ ሐሞት ከረጢቱ የወጣለት ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ግራም ሳያልፍ መጀመር ነው። ኤምሲቲ የተባለውን፣ ከኮኮናት ወይም ከፓልም ተነጥሎ የሚወጣ ቶሎ የሚፈጭ ዘይት የሚወስድ በአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከምግብ ጋር ይጀምር፤ በባዶ ሆድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጠጣ ሰው ከቤት ባይወጣ ይሻለዋል። የኮኮናት ዘይት ኤምሲቲ አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የተባለ ሌላ የቅባት ዓይነት ነው። ሰገራው የነጣ፣ የሚንሳፈፍና ቅባት የሚታይበት ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም ቅባት ከበሉ በኋላ ከቀኝ ጎድን በታች የሚይዝ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከመጣ ምርመራ እንጂ ትዕግሥት አያስፈልግም።

ጽሑፉ አንድም ቃል ያልተነፈሰበት ጉዳይ መድኃኒት ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ እንጀራውን በተወበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ መጠኑ አስቀድሞ በሐኪም መስተካከል አለበት። የደም ግፊት ክኒንም እንዲሁ፤ ውሃና ጨው ሲወጡ ግፊቱ ይወርዳል። ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቅ የስኳር ሕመም ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ኬቶ አይጀምር፤ የስኳር ቁጥሩ ብዙም ሳይጨምር ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላል። የምታጠባ እናትም በራሷ አትጀምር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የደም ኬቶኑ ከ3 ሚሊሞል ካለፈና ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ካለው፣ የስኳሩ ቁጥር ደህና ቢመስልም በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የሚወስዳቸውን ክኒኖችም ከነማሸጊያቸው ይያዝ።